ልክ የነበረው መሳቢያ ኮላ ሲነካው ለምን አልገባም አለ? የአንድ ኮመዲኖ የጉዳይ ጥናት

ለምን እንደምጽፈው

እቤት ውስጥ የእንጨት ስራ የሚሞክር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀኝ ስለ መጋዝና ስለ መላጊያ ነው፣ ስለ ኮላ የጠየቀኝ ሰው ግን ብዙ የለም። ቀብተህ ታጣብቃለህ፣ በቃ፣ እንደዛ ነው የሚታሰበው። መጋቢት 2016 ላይ ጎረቤቴ ቤት የሆነው ነገር ግን ሙሉ በሙሉ የኮላ ጉዳይ ነው፣ እንጨቱ ጥሩ ነበር፣ ጥርሶቹ በደንብ ተቆርጠው ነበር፣ ሰውየውም ትዕግስተኛ ነው፣ ግን ሁለት ወር የለፋበት መሳቢያ በ20 ደቂቃ ውስጥ ተበላሸ። ከዛ በኋላ ያደረግነውን በሙሉ፣ ያልሰራውንም ጭምር፣ በማስታወሻ ይዤው ስለነበር ለሌላ ሰው ይጠቅማል ብዬ ነው ያወጣሁት። የሰው ስም አልጠቅስም።

እንጨቱና ሰውየው

ጎረቤቴ አስተማሪ ነው፣ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው ጊዜ ያለው። የወላጆቹ ቤት ሲታደስ ከድሮ አልጋና ከመደርደሪያ የወጣ የዋንዛ ጣውላ ነበር፣ እናቱ "ይሄን እንዳትጥሉት" ብለው ለብቻ አስቀምጠውለት ነበርና ከሱ ባለ 4 መሳቢያ ኮመዲኖ ሰርቶ መልሶ ለእሳቸው ሊሰጣቸው አሰበ። ይሄን የምለው ዝም ብዬ አይደለም፣ እንጨቱ ከተበላሸ ሌላ የሚተካው ስላልነበረ ነው። ዋንዛ በ1986 ዓ.ም በወጣው የደን አዋጅ ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር ከመንግስት ደን እንዳይቆረጥ ተከልክሎ የነበረ ዛፍ ነው፣ ዛሬ ገበያ ላይ በደንብ የደረቀ ዋንዛ ማግኘት ከባድ ነው፣ ቢገኝም ዋጋው አይቀመስም። የሱ ጣውላ ደግሞ አመታት ቤት ውስጥ የቆየ ስለሆነ ደረቅና የማይጣመም ነበር።

መሳቢያዎቹ ወርዳቸው 44 ሳ.ሜ፣ ወደ ውስጥ 38 ሳ.ሜ፣ ቁመታቸው 14 ሳ.ሜ ነው። የጎኖቹ ውፍረት 12 ሚሊ፣ የፊቱ 18 ሚሊ፣ ወለሉ 6 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ሆኖ በተቦረቦረ መስመር ውስጥ ይገባል። ማዕዘኖቹን በሚስማር ማያያዝ አልፈለገም፣ እንደ ሁለት እጅ ጣቶች እርስ በርስ የሚገባ ጥርስ ነው የቆረጠው፣ በየማዕዘኑ 4 ጥርስ፣ በእጅ መጋዝና በመሮ። እኔ ሄጄ አይቼዋለሁ፣ ለጀማሪ በጣም የሚያኮራ ስራ ነበር። ያለ ኮላ ሲገጥመው አንዳንዱ ማዕዘን በመዶሻ ካልተመታ አይገባም ነበር፣ እኔም ያን ጊዜ "ጥብቅ መሆኑ ጥሩ ነው" ብዬው ሄድኩ። ይሄ ንግግሬ ስህተት እንደነበር በኋላ ነው የገባኝ።

ቅዳሜ 7 ሰዓት ላይ የሆነው

የሚሰራበት ክፍል ከግቢው ጀርባ ያለ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ኮርኒስ የሌለው ክፍል ነው፣ በጋ ላይ እኩለ ቀን አካባቢ ውስጡ ይግላል። ምሳ በልቶ 7 ሰዓት ላይ ጀመረ። ኮላው ከትልቅ ባልዲ እየተቀዳ የሚሸጠው ነጭ ኮላ ነው፣ ወፍራም ስለሆነበት ለመቀባት እንዲቀለው ትንሽ ውሃ ጠብ አድርጎ በጠበጠው። በጣቱ እየቀባ አራቱንም ማዕዘን አንድ ላይ ለመግጠም ነበር ሀሳቡ። ሁለት ሞርሳ (እንጨት ቆንጥጦ የሚያጠብቅ መሳሪያ) ነበረው።

የመጀመሪያው ማዕዘን ገባ፣ ሁለተኛውም በመከራ ገባ፣ ሶስተኛው ጋር ሲደርስ መጀመሪያ የቀባው ኮላ ፊቱ ላይ ቆዳ ነገር አበጅቶ ነበር፣ ጥርሶቹ ደግሞ ቅድም ያለ ኮላ ሲገቡ የነበሩት አሁን አልገባ አሉ፣ በመዶሻ መታው፣ ትንሽ ገባና ቆመ፣ አራተኛው ላይ ሲሄድ ሶስተኛው መልሶ ተከፈተ፣ ሞርሳውን ፍለጋ ሲሄድ ሞርሳው በሌላ ስራ ላይ ጠብቆ ነበር፣ ከዛ ፈትቶ አምጥቶ ሲያጠብቅ ከስር ያደረገው ማገጃ ጣውላ ራሱ ከመሳቢያው ጋር ተጣበቀ። ስልክ ሲደውልልኝ ድምፁ ላይ ነው የገባኝ። ስደርስ 40 ደቂቃ ገደማ አልፎ ነበር።

የለካሁት ይሄ ነው፦ አንዱ ማዕዘን 2 ሚሊ፣ ሌላው 3 ሚሊ ክፍት ነው። ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በሰያፍ ስንለካ አንዱ 58.4፣ ሌላው 57.8 ሳ.ሜ፣ ማለትም 6 ሚሊ ልዩነት፣ መሳቢያው አራት ማዕዘን መሆኑ ቀርቶ ተጋድሟል። የተረፈውን ኮላ ደግሞ በእርጥብ ጨርቅ ወልውሎት ስለነበር ቀጭን ኮላ በውስጡም በውጪውም የእንጨቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ገብቷል፣ ያኔ አይታይም ነበር፣ የታየው በኋላ ቫርኒሽ ሲቀባ ነው።

መሳቢያውን ለማዳን ያደረግነው

መጀመሪያ በንዴት ያደረግነው ነገር አልሰራም። ከውስጥ በኩል በመዶሻ መትተን ልናስለቅቀው ስንል አንድ ጥርስ ተሰነጠቀ። እዛ ላይ አቆምን። እኔ እንጨት ስራ ያስተማሩኝ አንድ ጡረታ የወጡ አናጢ አሉ፣ ደወልኩላቸው።

"ጋሼ፣ ኮላ ይዞብን ነው፣ ሳይሰበር የሚለቅበት መንገድ አለ?" አልኳቸው።

ዝም ብለው ሰሙኝና መልሰው ጠየቁኝ፦ "ልጄ፣ ሳትቀቡት በፊት ገጥማችሁ አይታችኋል?"

"አዎ ጋሼ፣ ልክ ነበር።"

"ልክ መሆኑን አልጠየኩህም። ስንት ደቂቃ ፈጀባችሁ?"

መልስ አልነበረንም። ያቺ ጥያቄ ናት የዚህ ሁሉ ነገር ቁልፍ፣ ወደሷ እመለሳለሁ።

እሳቸው የነገሩን በሙቀትና በአቼቶ እንድንሞክር ነው። ነጭ ኮላ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ የሞቀ ነጭ አቼቶ ደግሞ ኮላውን ቀስ እያለ ያላላዋል። አቼቶውን አሙቀን በሲሪንጅ በየስንጥቁ ጠብ ጠብ አደረግን፣ 10 ደቂቃ ጠበቅን፣ ከዛ እርጥብ ጨርቅ አድርገን በላዩ ካውያ አሳረፍንበት፣ እንጨቱ እንዳያር ቶሎ ቶሎ እያነሳን። እንደዚህ እየደጋገምን አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ፈጀ፣ ሶስቱ ማዕዘን በእጅ እየተወዛወዘ ለቀቀ፣ አራተኛው ላይ ያ የተሰነጠቀው ጥርስ ጭራሽ ተሰበረ። ስብርባሪውን በትንሽ ላስቲክ ጠቅልለን አስቀመጥነው፣ እሱን ጥሎ ሌላ ከመስራት የራሱን ስብርባሪ መልሶ ማጣበቅ በጣም ይሻላል፣ ስብራቱ ራሱ ልክ በልክ ነው የሚገባው።

ከዛ ዋናው አሰልቺ ስራ መጣ። አዲስ ነጭ ኮላ በደረቀ ነጭ ኮላ ላይ በደንብ አይዝም፣ ስለዚህ ድሮ የተቀባው ሁሉ እስከ እንጨቱ ድረስ መነሳት አለበት። በሙቅ ውሃና በመሮ እየፋቅን ሙሉ ከሰዓቱ አለቀ። መጨረሱን ያረጋገጥነው በውሃ ጠብታ ነው፣ ጠብታዋ እንጨቱ ላይ ኳስ ሆና ከቀረች ኮላ አለ ማለት ነው፣ ተሰራጭታ ከጠፋች ንጹህ እንጨት ነው። ከዛ በጥላ አንድ ሳምንት እንዲደርቅ ተውነው። እሱ በማግስቱ ሊቀጥል ፈልጎ ነበር፣ ግን ውሃና አቼቶ የጠጣ እንጨት አብጦ ነው የሚቆየው፣ አብጦ እያለ ካስተካከልከው ሲደርቅ ልል ይሆናል።

ለምንድነው እንደዛ የሆነው

ሳምንቱን ሙሉ ስንነጋገርበት የቆየነው ይሄን ነው። ሶስት ነገር ተደራርቦ ነው እንጂ አንዱ ብቻ ቢሆን መሳቢያው ይተርፍ ነበር ብዬ አምናለሁ።

አንደኛው ውሃ ነው። ነጭ ኮላ የሚይዘው ውስጡ ያለው ውሃ ወደ እንጨቱና ወደ አየሩ ሲሄድ ነው። ያ ውሃ እንጨቱ ውስጥ ሲገባ ጥርሱ ያብጣል፣ በጣም ጥቂት ነው የሚያብጠው፣ ግን ያለ ኮላ በመዶሻ ብቻ የሚገባ ጥርስ ለዛ ጥቂት እብጠት ምንም ቦታ የለውም። እሱ ደግሞ ተጨማሪ ውሃ ጨምሮበታል፣ ስለዚህ እብጠቱም ጨመረ፣ ኮላውም ደከመ። ደረቅ ላይ ጥብቅ የሆነ ነገር እርጥብ ላይ አይገባም፣ እኔ "ጥብቅ መሆኑ ጥሩ ነው" ማለቴ ጥፋት ነበር የምለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። አብዛኛው ነጭ ኮላ ተቀብቶ ክፍት ሆኖ መቆየት የሚችለው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ከዛ ፊቱ ይደርቃል። አየሩ ሲሞቅና ሲደርቅ ይሄ ያጥራል። አዲስ አበባ በጋ ላይ አየሩ ደረቅ ነው፣ ከቆርቆሮ ስር በ7 ሰዓት ደግሞ ሙቀቱም አለ። አሁን ቁጠሩት፦ 4 ማዕዘን፣ በየማዕዘኑ 4 ጥርስ፣ እያንዳንዱ ጥርስ ሁለት ጎን፣ 32 ፊት ነው። ጥርሱ የሚገባበትንም ከቀባህ 64 ነው። በአንዱ ፊት 10 ሰከንድ ብቻ ብትፈጅ 64ቱን ቀብተህ ስትጨርስ 10 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ሆኗል፣ ገና አንድም ማዕዘን ሳትገጥም ማለት ነው! ጋሼ የጠየቁን ይሄን ነው። ጎረቤቴ እጁ ዘገምተኛ ሆኖ አይደለም፣ ስራው ራሱ ኮላው ከሚሰጠው ጊዜ በላይ ነበር፣ ማንም ሰው በዛ አሰራር አይደርስም።

ሶስተኛው ዝግጅት ነው፣ ሞርሳው ሌላ ቦታ መሆኑ፣ ማገጃው ላስቲክ አለመልበሱ፣ የመገጣጠሙ ቅደም ተከተል አለመታሰቡ። ይሄ ግልጽ ስለሆነ አላበዛበትም።

ሁለተኛው ሙከራ

ጥርሶቹን መጀመሪያ አላላናቸው። ጥርሱ በእጅ ተገፍቶ ወደ ሁለት ሶስተኛው ድረስ እንዲገባ፣ የቀረውን ደግሞ በእንጨት መዶሻ ቀስ ብሎ ሲነካ እንዲጨርስ አድርገን በመሮ ላጥነው። የት እንደሚነካ ለማወቅ እርሳስ ቀብተን አንዴ እናስገባለን፣ የሚያብረቀርቀው ቦታ ላይ ብቻ እንልጣለን። ደጋግሞ ማስገባትና ማውጣት ራሱ ጥርሱን ስለሚያላላው ለአንድ ማዕዘን ከሁለቴ በላይ አልሞከርንም።

ከዛ ያለ ኮላ ልምምድ አደረግን፣ በስልክ ሰዓት ይዘን፣ በደረቅ ብሩሽ እያንዳንዱን ፊት እየነካን፣ እየገጠምን፣ እያሰርን። መጀመሪያ 13 ደቂቃ ፈጀ። እውነቱን ለመናገር ያ ቁጥር ሁለታችንንም አስደነገጠን፣ ምክንያቱም ቀስ ብለን የሰራን አልመሰለንም ነበር። እቃውን በየቅደም ተከተሉ ደርድረን ስንደግመው 8 ሆነ። አሁንም ብዙ ነው። ነገሩን የቀየረው መሳቢያውን በሁለት ዙር መስራታችን ነው፦ መጀመሪያ የፊቱን ሁለት ማዕዘን ብቻ ቀብተን እንገጥማለን፣ የኋላው ጣውላ ያለ ኮላ ቦታው ላይ ገብቶ ቅርጹን ይይዛል፣ ኮምፔንሳቶውም ያለ ኮላ መስመሩ ውስጥ ይገባና ማዕዘኑን ቀጥ ያደርጋል። ያ ሲይዝ የኋላውን አውጥተን ሁለተኛውን ዙር እንሰራለን። አንዱ ዙር በልምምድ ወደ 4 ደቂቃ ተኩል ወረደ። በቃ፣ ኮላው ከሚሰጠን ጊዜ ውስጥ ገባን።

የሰራንበት ሰዓት ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ነው፣ ክፍሉ ሳይግል። በጣም ሲቀዘቅዝ ደግሞ ሌላ ችግር አለው፣ ከ10 ዲግሪ አካባቢ በታች ብዙው ነጭ ኮላ በደንብ አይረጋም፣ ነጭ ዱቄት መስሎ ይደርቅና ጉልበት አይኖረውም፣ ስለዚህ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ማለዳ መስራት አልመክርም።

ኮላው ውሃ አልተጨመረበትም። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ነው የቀባነው። የቀባነው ደግሞ የት እንደሆነ መናገር አለብኝ፦ የጥርሱ ጎን ላይ፣ ማለትም በእንጨቱ ርዝመት የሄደው ፊት ከሌላው ርዝመት ጋር የሚገናኝበት ላይ ነው፣ ጉልበቱ ያለው እዛ ነው። የተቆረጠው የጥርሱ ጫፍ ላይ ኮላ ብታፈስበት ይጠጣዋል እንጂ ብዙ አይይዝም። ይሄን ስናውቅ የምንቀባው ቦታም ቀነሰ።

ሞርሳ ሁለት ብቻ ስለነበረን የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ በረጅሙ ቀደን መሳቢያውን ዙሪያውን ወጥረን አሰርንበት፣ ይሄ ከጠበቅኩት በላይ ሰርቷል፣ አራቱንም ማዕዘን እኩል ይጎትታል። ሞርሳዎቹን የተጠቀምነው ማዕዘኑ ላይ ብቻ ነው፣ የጎኑ መሃል ላይ ስታጠብቀው 12 ሚሊው ጣውላ ወደ ውስጥ ይጎብጣል። ማገጃ እንጨቶቹን በሙሉ ፌስታል አለበስናቸው። ካሰርን በኋላ ወዲያው ሰያፉን ለካን፣ 1 ሚሊ ልዩነት ነበረው፣ ረጅሙ ሰያፍ ላይ ሞርሳውን ቀስ አድርገን ስናጠብቅ እኩል ሆነ። ይሄን የምታደርገው ኮላው እርጥብ ሳለ ብቻ ነው።

የሚወጣውን ትርፍ ኮላ በጨርቅ አልነካነውም። ውስጡን አስቀድመን የወረቀት ፕላስተር ለጥፈንበት ነበር፣ የውጪውን ደግሞ ግማሽ ሰዓት ገደማ ጠብቀን እንደ ማስቲካ ሲሆን በመሮ ፋቅነው፣ ንጹህ ሆኖ ተነሳ። በሞርሳ እስከ ማግስቱ ተውነው።

ያልሰራው

ከአራቱ መሳቢያ ሶስቱ ጥሩ ወጡ። የቀረው አንዱ ግን ሰያፉ እኩል ሆኖ ራሱ የተጠማዘዘ ሆነ፣ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጠው አንድ ማዕዘኑ 3 ሚሊ ይነሳል። ምክንያቱ ቦታ ስላጣን ሊሾው ላይ አስቀምጠነው ማደሩ ነው፣ ሊሾው ጎድጎድ ያለ ነበር፣ እኛ ደግሞ ሰያፍ ብቻ ለክተን ጨረስን ብለን ሄድን። ሰያፍ መጋደምን ይነግርሃል እንጂ መጠማዘዝን አይነግርህም። አሁን ቀጥ ያሉ ሁለት ዱላዎች ፊትና ኋላ ላዩ ላይ አጋድሜ ዝቅ ብዬ አያለሁ፣ ሁለቱ ካልተመሳሰሉ ያኔውኑ አስተካክላለሁ። ያን መሳቢያ ከስር በመላጊያ ልገን አስተካከልነው፣ ይሰራል፣ ግን አንዱ ጎኑ ትንሽ ቀጥኗል።

ሌላው የኔ ምክር ነው። የተሰበረው ጥርስ ጋር ትንሽ ክፍተት ስለቀረ ሰጋቱራ በኮላ ለውሰን ሞላንበት። ሲደርቅ ጥሩ ይመስል ነበር፣ ቫርኒሽ ሲነካው ግን ጠቆረ፣ አሁን ከሩቅ ይታያል። ነጭ ኮላ ክፍተት ላይ ጉልበት የለውም፣ ሰጋቱራውም አይረዳውም። ማድረግ የነበረብን ከዛው ከዋንዛው ስስ ሽብልቅ ቆርጠን ክፍተቱ ውስጥ በኮላ ማስገባት ነበር። ሌላኛው ማዕዘን ላይ እንደዛ አድርገናል፣ የት እንደሆነ እኔ ራሴ ፈልጌ ነው የማገኘው።

በእርጥብ ጨርቅ የተወለወለው የመጀመሪያው መሳቢያም ፊቱ ላይ ነጣ ነጣ ያሉ ቦታዎች ቀሩ፣ ኮላው የገባበት ቦታ ቫርኒሽ አይጠጣም። በብርጭቆ ወረቀት ብንፈትገውም ሙሉ በሙሉ አልጠፋም።

ለሌላ ስራ የሚሆነው

መሳቢያ ብቻ አይደለም፣ ወንበርም የፎቶ ፍሬምም ቢሆን ይሄ ይሰራል ብዬ የማስበውን ልጻፍ።

ከሁሉም በላይ፣ ኮላውን ከመክፈትህ በፊት ሙሉውን ስራ በደረቅ ብሩሽ ሰርተህ ሰዓት ያዝ። ከ5 ደቂቃ በላይ ከፈጀብህ አትፍጠን፣ ስራውን ከፋፍለው። መፍጠን ነው ጥርስ የሚሰብረው፣ በሁለት ዙር የተሰራ መሳቢያ ከአንድ ዙር መሳቢያ በምንም አያንስም፣ አንድ ቀን ይጨምራል እንጂ። ዙሩን መክፈል ካልቻልክ ሁለተኛ ሰው ጥራ፣ አንዱ ይቀባል አንዱ ይገጥማል።

በመዶሻ ብቻ የሚገባውን አላላው። ኮላው ከወፈረብህ ውሃ አትጨምርበት፣ ብሩሽ ቀይር።

ከተበላሸ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ናቸው ወሳኞቹ፣ ገና እርጥብ ሳለ አይሄድም ካለህ አታጠብቅበት፣ ወዲያው ፈታው፣ በሙቅ ውሃ እጠበው፣ አድርቀህ ሌላ ቀን ትሞክራለህ። ጎረቤቴ በዛን ሰዓት ቢፈታው ኖሮ አቼቶም ካውያም አያስፈልገንም ነበር። ግን ያን ውሳኔ በሩጫ መሃል መወሰን ከባድ ነው፣ ስለዚህ አስቀድሞ "እዚህ ደቂቃ ላይ ካልገባ እፈታለሁ" ብሎ መነሳት ይሻላል። እኔ አሁን 8 ደቂቃ ብዬ ነው የምነሳው፣ ስልኩ ይጮሃል።

አሁን ያለበት

ኮመዲኖው ግንቦት ላይ አልቆ እናቱ ቤት ገባ። እሳቸው ላይኛውን መሳቢያ ከፍተው ውስጡን በእጃቸው እየዳሰሱ "ይሄ የአልጋው ነው አይደል?" ብለው የትኛው ጣውላ ከየት እንደመጣ አንድ በአንድ ነገሩን፣ እኛ እንኳን አናውቅም ነበር።

ሐምሌ ላይ ላይኛው መሳቢያ በአንድ ጎኑ ያዝ ማድረግ ጀመረ፣ ዝናቡ ሲበዛ እንጨቱ እርጥበት ስቦ ነው። ጎረቤቴ መላጊያ ይዞ ሊሄድ ሲል አስቁሜዋለሁ፣ ክረምት ላይ ከተላገ በጋ ሲደርቅ ይላላል። ለጊዜው የሚነካካበትን ቦታ ሻማ ቀብተንለታል፣ ጥቅምት ሲገባ አብረን ሄደን እናየዋለን።